የዘንዶው መጽሐፍና የተሰወረችው እናት

«ያባት ዕዳ ለልጅ» ይላል ያገራችን ሰው። ዕዳ ሲባል ግን በብርና በእህል የሚቈጠረው ብቻ አይደለም። አባት ለልጁ ሳይናገር በሆዱ ይዞት የኖረው ነገር፥ እናትም «ሆድ ይፍጀው» ብላ ያለፈችው ቃል ዕዳ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ዕዳው ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ሲከፍለው ይኖራል። ስለዚህ የቤተ ሰብን ምሥጢር መነሻ አድርጎ የሚጻፍ ልብ ወለድ ታሪክ በየትም አገር አንባቢ አያጣም። አንባቢው የሚሻው የሌላውን ቤት ገበና መስማት ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቤት ዝምታ የሚመረምርበት ብርሃን ማግኘትም ይፈልጋል።

ዛሬ ለመመርመር ያነሣሁት መጽሐፍ ይህን ብርሃን ለመስጠት ቃል የገባ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ወይዘሮ ኤሊዛቤት ኮስቶቫ በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙት ሲሆን ስሙ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «የታሪክ ተመራማሪው» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ደራሲዋ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋራ በአውሮፓ ሲዘዋወሩ አባታቸው ስለ ድራኩላ ተረት ይነግሯቸው እንደ ነበረና የመጽሐፉም ሐሳብ ከዚያ እንደ በቀለ ተናግረዋል። ዐሥር ዓመት ያህል ደክመውበታል፤ አሳታሚውም ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ከፈለበት በጊዜው ተወርቷል። በወጣም ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ካገራቸው የሽያጭ ዝርዝር ራስ ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ይህን ያህል የተደከመበትንና የተወደደን መጽሐፍ «አላረካኝም» ለማለት የሚነሣ ሰው ምክንያቱን አንድ በአንድ የመዘርዘር ግዴታ አለበት።

መጽሐፉን ያዋሰኝ መምህር የሆነ ወዳጄ ነው። ሲሰጠኝ «አንተ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንህ ከማናችንም ይልቅ አንተ ትወደዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኑሮዬ ከአሮጌ ወረቀት ጋራ ነው። ስለ አሮጌ መጻሕፍት፥ ስለ ደብዳቤዎችና ስለ ቤተ መጻሕፍት የተጻፈ ታሪክ እኔን ካላስደሰተ ማንን ሊያስደስት ይችላል? ከ600 ገጽ በላይ የሆነውን ይህን መጽሐፍ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ለሦስት ሳምንት አነበብሁት። መጀመሪያውን በደስታ፥ መካከሉን በትዕግሥት፥ መጨረሻውን ግን በቅሬታ ፈጸምሁት። ስመልስለት ወዳጄ «እንዴት አገኘኸው?» ቢለኝ በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልሁም። ይህ ሐተታ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1972 ዓ.ም. ከአባቷ ጋራ በአምስተርዳም የምትኖር የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ አለች፤ ስሟ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነገርም። እናቷ በሕፃንነቷ እንደ ሞተች አምና ያደገች ናት። አንድ ሌሊት የአባቷን መጻሕፍት ስታገላብጥ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ታገኛለች። ቅጠሎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ በመካከሉ ብቻ ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ ታትሞበታል። ከመጽሐፉ ጋራ ዘመን የበላቸው ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ልጅቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ አባቷን በጠየቀችው ጊዜ ፊቱ ይለወጣል። እውነቱንም በአንድ ጊዜ ሊነግራት አይደፍርም፤ በየከተማው ይዟት ሲዞር ጥቂት በጥቂት ያወራላታል።

ፖል የተባለው ይህ አባት በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የታሪክ ተማሪ ሳለ፥ ያው ዓይነት መጽሐፍ ማን እንዳስቀመጠው ሳይታወቅ ከሚያጠናበት ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ ነበር። ወደ መምህሩ ወደ ፕሮፌሰር ሮሲ ቢወስደው፥ መምህሩም ተመሳሳይ መጽሐፍ እንዳለውና በ1930 ዓ.ም. የነገሩን ምንጭ ፍለጋ እስከ ኢስታንቡል ሄዶ እንደ ነበረ ይነግረዋል። ወዲያውም መምህሩ በቢሮው ውስጥ የደም ምልክት ትቶ ይጠፋል። ፖል እርሱን ፍለጋ ሲነሣ ሄለን ከምትባል ወጣት ጋራ ይገናኛል፤ እርስዋም ሮሲ ከአንዲት ሮማንያዊት ባላገር የወለዳትና ያላወቃት ልጁ ሆና ትገኛለች። ሁለቱ ወደ ኢስታንቡል፥ ወደ ቡዳፔስትና ወደ ቡልጋርያ ገዳማት ይጓዛሉ። የሚፈልጉት የድራኩላን መቃብር ነው፤ ምክንያቱም ይህ በ15ኛው መቶ ዓመት ሞተ የተባለ ጨካኝ መስፍን አልሞተም፤ የሰው ደም እየጠጣ እስከ ዛሬ ይኖራል። ፖልና ሄለን ተጋብተው ልጅ ይወልዳሉ፤ ያችም ታሪኩን የምትነግረን ልጅ ናት። ሄለን ግን ልጅዋ ገና ሕፃን ሳለች ትሰወራለች።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ልስጥ፤ ጕድለቱን ብቻ የሚያይ ሐተታ ፍርድ ሳይሆን ክስ ነውና። ደራሲዋ አገርን በማሳየት ረገድ የታደሉ ናቸው። ኢስታንቡል በጢስና በባሕር ሽታዋ፥ አምስተርዳም በቦዮቿ፥ የቡልጋርያ ገዳማት በጽሞናቸው ከፊታችን ይቆማሉ። በዚያ ዘመን ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓ በፖለቲካ ተለያይተው ስለ ነበረ፥ አንድ ምሁር የድንበር ወረቀት ለማግኘት የሚያየውን መከራና ከኋላው የሚከተለውን ሰላይ የገለጹበት ክፍል ከድራኩላ ይልቅ ያስፈራል። የኢስታንቡሉ ሊቅ ቱርጉት ቦራ ደግሞ የሚወደድ ሰው ነው፤ እንግዳ አቀባበሉን ያነበበ ሰው ከገበታው ሊቀርብ ይመኛል። ሄለን ለልጅዋ ጽፋ ሳትልካቸው የቀሩት አጫጭር የፖስታ ካርዶችም ልብ ይነካሉ። ወደ እነርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ከዚህም በላይ ደራሲዋ የመረጡት ጕዳይ ራሱ ሀብታም ነው። ድራኩላ ተብሎ የሚታወቀው የዋላኪያ መስፍን ቭላድ ሦስተኛ በእውነት የኖረ ሰው ነው። አባቱ በ1431 ዓ.ም. የሀንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ ባቋቋመው የዘንዶ ማኅበር አባል ስለሆነ «ድራኩል» ተባለ፤ ልጁም «ድራኩላ» ማለት የዘንዶው ልጅ ተባለ። እንግዲህ ስሙ ራሱ ከአባት የተወረሰ ነው። ይህ አባት በ1440ዎቹ መጀመሪያ ታማኝነቱን ለማረጋገጥ ሁለቱን ልጆቹን ቭላድንና ራዱን ለቱርክ ሱልጣን መያዣ አድርጎ ሰጠ። ቭላድ ያን ጊዜ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ እንደ ነበረ ይገመታል። ከጥቂት ዓመት በኋላም አባትዬው ልጆቹ በጠላት እጅ እንዳሉ እያወቀ ከሱልጣኑ ጠላቶች ጋራ ተባበረ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ትንሽ ቆም ብሎ ያስብ። አባቱ መያዣ አድርጎ ሰጥቶት ቃሉን ያፈረሰበት ልጅ በባዕድ አገር ሌሊቱን እንዴት ያድር ነበር? በኋላ ሰውን በእንጨት ላይ የሚሰካ ጨካኝ ገዥ ሆኖ ስሙ በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። «ያባት ዕዳ ለልጅ» የሚለውን ቃል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ ከየት ይገኛል? ደራሲዋ ይህ ሁሉ በእጃቸው ሳለ አልፎ አልፎ ይጠቅሱታል እንጂ አይቆሙበትም። የእርሳቸው ድራኩላ የማንም ልጅ አይደለም። ያለ ልጅነት የተፈጠረ ጥላ ነው።

አሁን ወደ ጕድለቶቹ ልግባ። ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይበልጣል።

የመጀመሪያው የአጋጣሚ ብዛት ነው። ፖል ስለ ድራኩላ ማንበብ በጀመረ ጊዜ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ድራኩላ የምታነበው ሴት የጠፋው መምህሩ ልጅ ሆና ትገኛለች። ኢስታንቡል በገባ ጊዜ ከምግብ ቤት ያገኘው ሰው ያው ዓይነት መጽሐፍ ያለው ሊቅ ነው። ያም ሊቅ ቈይቶ ድራኩላን ለመዋጋት በጥንት ዘመን የተመሠረተ የምሥጢር ማኅበር አባል መሆኑ ይገለጻል። በቡዳፔስትም ባለ ሌላ መጽሐፍ ይገኛል። እኔ በመዝገብ ቤት ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አንድ የጠፋ ፋይል ለማግኘት ስንት ቀን አቧራ እንደሚበላ፥ የተገኘውም ብዙ ጊዜ የተፈለገው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የፍለጋ ጣዕሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን ወረቀቱ ፈላጊውን ይፈልገዋል እንጂ ፈላጊው ወረቀቱን አይፈልገውም። ሳይደክሙ የተገኘ ምሥጢር ደግሞ አንባቢንም አያስደንቅም።

ሁለተኛው ጕድለት የድምፅ አንድነት ነው። ታሪኩ በሦስት ትውልድ ቃል የሚነገር ነው፤ ሮሲ በ1930፥ ፖል በ1950ዎቹ፥ ልጅቱም በ1970ዎቹ ዓመታት ይናገራሉ። ይህን አደረጃጀት ደራሲዋ የወሰዱት አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር በ1897 ዓ.ም. ካሳተሙት «ድራኩላ» ከተባለው መጽሐፍ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ያም መጽሐፍ በደብዳቤ፥ በዕለት ማስታወሻ፥ በቴሌግራምና በጋዜጣ ቍራጭ የተሠራ ነውና። በስቶከር ዘንድ ግን የሐኪሙ አጻጻፍ ከሕግ ሰዉ፥ የሕግ ሰዉም ከሚስቱ ይለያል። በወይዘሮ ኮስቶቫ መጽሐፍ የእንግሊዙ ትምህርት ቤት ሊቅ፥ አሜሪካዊው ተማሪና የዐሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃገረድ ሁሉም በአንድ ረጋ ባለ፥ ውብ በሆነ፥ ባልተቸኰለ ቃል ይናገራሉ። ገጹን በዘፈቀደ ገልጬ ሳነብ ማን እንደሚናገር ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ግድ የሆነብኝ ብዙ ጊዜ ነው። ከዚህም የሚያስገርመው ፖል በድንገት ተነሥቶ በሄደ ጊዜ ለልጁ ትቶላት የሄደው ደብዳቤ ነው። ሞት የሚያሳድደው ሰው የጻፈው ደብዳቤ በመቶ የሚቈጠር ገጽ ይሆናል፤ የተበላው ምግብና የሰማዩ ቀለም እንኳ አልቀረበትም።

የስቶከርን መጽሐፍ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ታሪክ ውስጥ የተበታተኑትን ጽሑፎች ሁሉ ሰብስባ፥ በጽሕፈት መኪና ገልብጣ፥ በቀን ቅደም ተከተል የምታደራጃቸው ሚና የተባለችው ሴት ናት። የጠላታቸው አካሄድ የሚገለጥላቸውም ወረቀቱ በሥርዐት ከተቀመጠ በኋላ ነው። ጽሑፉ ማስጌጫ አይደለም፤ ሥራ ይሠራል። ደግሞም ስቶከር ትራንሲልቫንያን በዓይናቸው አላዩም፤ «ድራኩላ» የሚለውንም ስም ያገኙት በ1890 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዊትቢ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዊልኪንሰን የተባሉ ሰው ስለ ዋላኪያና ስለ ሞልዳቪያ የጻፉትን መጽሐፍ ሲያነቡ ነው። እነሆ፥ አንድ የተረሳ መጽሐፍ ዓለምን ያስፈራ ልብ ወለድ ወለደ። ይህን ያደረገው በውስጡ ቃል ስለ ነበረበት እንጂ ባዶ ስለ ነበረ አይደለም።

ሦስተኛውና ዋናው ጕድለት ይህ ነው፦ በዚህ መጽሐፍ የቤተ ሰቡ ምሥጢር በደለኛ የለውም።

ነገሩን ላስረዳ። ሮሲ ከአንዲት ሮማንያዊት ባላገር ጋራ ተፋቅሮ፥ «ተመልሼ አገባሻለሁ» ብሎ፥ አስረግዞ ሄደ፤ አልተመለሰም። ይህ በየአገሩ የሚታወቅ እውነተኛ በደል ነው። ሄለን ወደ አሜሪካ የመጣችውም ይህን አባት በዕውቀት በልጣ ልታሳፍረው ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ወንበሬን አስጠግቼ ቁጭ አልሁ፤ ልጅና አባት ፊት ለፊት የሚቆሙበትን ቀን ጠበቅሁ። ደራሲዋ ግን ሮሲ በጕዞው ላይ ሳያውቅ የማስረሻ መጠጥ ጠጥቶ ሴቲቱን ከነፍቅሯ ፈጽሞ እንደ ረሳት ያስረዳሉ። ስለዚህ አልከዳም፤ ረስቷል። ረሳ የተባለውም በጠንቋይ ሥራ ስለሆነ አይጠየቅበትም። ልጅቱ የያዘችው የዓመታት ቍጣ በአንድ ብርጭቆ መጠጥ ጠፋ።

የሄለንም ነገር እንደዚሁ ነው። አንዲት እናት ሕፃን ልጅዋን ትታ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ጠፋች። ለምን? ተነክሳ ስለ ነበረ መርዙ ልጅዋን እንዳይጎዳት ፈርታ፥ ድራኩላንም አድና ለመግደል ቈርጣ ነው። እርስዋም በደለኛ አይደለችም። ፖል ለልጁ እናትሽ ሞታለች ማለቱም በደል አይደለም፤ እርሱም እውነት መስሎት ነው። እንዲህ እያለ ሁሉም ይነጻል፤ በደሉ ሁሉ በአንድ ክፉ መንፈስ ላይ ይጫናል። ሰው ሁሉ ንጹሕ በሆነበት ቤት ግን ምን ምሥጢር አለ? የጥንቱ የግሪክ ደራሲ ሶፎክሊስ ስለ ኤዲጶስ የጻፉት ተውኔት ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠን፥ በደለኛውን የሚፈልገው ሰው በመጨረሻ በደለኛው እርሱ ራሱ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። «የታሪክ ተመራማሪው» በተባለው መጽሐፍ ፈላጊው ከቶ ራሱን አያገኝም።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ የሞቱ ጊዜ የተዉት ሀብት ጥቂት ነበር፤ ከዚያም ውስጥ አንድ የብራና ዳዊት ይገኝ ነበር። ባገራችን ልማድ እንደሆነው፥ በመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎች ላይ የልጆቻቸው ስምና የክርስትና ቀን ተጽፏል። ከአምስቱ መሥመሮች ሦስተኛው ግን በቢላዋ ተፍቋል። በልጅነቴ ጣቴን በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ እያሻሸሁ «ይህ ማን ነበር?» ብዬ እናቴን እጠይቃት ነበር፤ እርስዋም «ሲጽፉ ተሳስተው ነው» ትለኝ ነበር። የአያቴ ተዝካር በወጣ ቀን አንዲት ያላወቅኋት ሴትዮ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያለቅሱ አየሁ። ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እናቴ ግን ከዳሱ ወጥታ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ማታ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥታ «ልጄ፥ ቀለም አምጣና የአክስትህን ስም ከቦታው ጻፍልኝ» አለችኝ። ወላጆቻቸው ካልፈቀዱት ሰው ጋራ ስለ ሄዱ ስማቸውን የፋቁት አያቴ ነበሩ። እናቴም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን እያወቀች ዝም ብላ ኖራለች። ጻፍሁ፤ ነገር ግን የተፋቀ ብራና ቀለም አይዝምና ፊደሉ ተበላሸ። አክስቴ ዐይተው «ግድ የለም፥ ይነበባል» አሉ። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ዳዊቱን በገለጠች ቍጥር ያን ገጽ ሳታየው አታልፍም ነበር።

ይህን የተናገርሁት የቤቴን ገበና ላወጣ አይደለም፤ አክስቴም እናቴም ዛሬ በሕይወት የሉም። የተናገርሁት የምለካበትን ሚዛን ለአንባቢዬ ለማሳየት ነው። ባገራችን ከጥንት ጀምሮ መጽሐፍ የቤትና የደብር አደራ መያዣ ነው። በወንጌል ኅዳግ የርስትና የስጦታ ቃል ይጻፋል፤ መጽሐፉን የሚሰርቅና የሚፍቅም ይረገማል። ባዶ ቅጠሎች ያሉትና ዘንዶ የታተመበት መጽሐፍ ለጊዜው ያስገርመኛል። የሚያስፈራኝ ግን አንድ ሰው በገዛ እጁ የፋቀው መሥመር ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሰው ፈቃድ፥ የሰው ጭካኔና የሰው ጸጸት አለ።

አሁን ወደ ፖስታ ካርዶቹ ልመለስ። ሄለን ከልጅዋ ርቃ በምትዞርበት ዘመን ልጅዋን እያሰበች የጻፈቻቸው እነዚህ ጥቂት መሥመሮች ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። እናትዬዋ ልጅዋ አሁን ስንት ዓመቷ እንደሆነ፥ ምን እንደምትመስል እያሰበች ትጽፋለች፤ አትልክም። እዚህ ላይ ድራኩላም፥ መቃብርም፥ የብራና መጽሐፍም አያስፈልግም። ደራሲዋ ይህን መንገድ ተከትለው ቢሆን ኖሮ እናትና ልጅ የተገናኙበት ቀን የመጽሐፉ ልብ በሆነ ነበር። ነገር ግን ያ ቀን ሲደርስ በፒሬኔ ተራሮች ባለ አንድ ገዳም ሁሉም በአንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ ሄለን ከየት እንደ መጣች ሳይታወቅ ብቅ ብላ ድራኩላን በብር ጥይት ትገድለዋለች፤ እርሱም አቧራ ይሆናል። በ600 ገጽ የተፈራ ጠላት በጥቂት መሥመሮች አለቀ። ልጅቱስ እናቷን ምን አለቻት? «ስታመም የት ነበርሽ?» አላለችም። አልተቈጣችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። የእናቷን ውበት አደነቀች፥ ማብራሪያውን ሰማች፥ ነገሩም ተፈጸመ። ያ ሁሉ ዓመት የተከማቸ ዝምታ እንዲህ በቀላሉ እንደማይሰበር እናት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

የድራኩላም ዓላማ በመጨረሻ ሲገለጥ ቅር ያሰኛል። እነዚያን ባዶ መጻሕፍት ለሊቃውንት የሚልከው ከመካከላቸው ብልህና ጽኑ የሆነውን መርጦ የመጻሕፍቱን ስብስብ እንዲያደራጅለት፥ ዝርዝሩንም እንዲጽፍለት ኖሯል። ባጭሩ የመዝገብ ቤት ሹም ይፈልጋል ማለት ነው። እኔ ለሙያዬ ይህን ያህል ክብር በመሰጠቱ መደሰት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አምስት መቶ ዓመት የጠበቀ ጨካኝ የሚሻው ይህን ብቻ ከሆነ፥ በአንድ እጁ መጽሐፉን ለሊቃውንቱ እየላከ በሌላው እጁ ስለ ምን ያስፈራራቸዋል? ስለ ምንስ ዘመዶቻቸውን ይገድላል? የሚጠራና የሚያባርር አንድ ሰው ነው። እርግጥ በዚህ ሐሳብ ውስጥ አንድ ትልቅ ፍሬ ተሰውሯል። ድራኩላ የሚሰበስበው የጭካኔን ታሪክ ነው፤ ክፋት ከዘመን ወደ ዘመን የሚሸጋገረው በመጽሐፍም እንደሆነ፥ የታሪክ ሊቅም ክፉውን ሲመረምር ሳያውቅ አገልጋዩ ሊሆን እንደሚችል ደራሲዋ ሊነግሩን ፈልገው ነበር። ይህ ለመምህራንም ለተማሪዎችም የሚጠቅም ከባድ ጥያቄ ነው። ዳሩ ግን ከተነሣ በኋላ ማንም አይከራከርበትም፤ ሮሲ በተግባሩ እንቢ ይላል፥ ይሞታል፥ ጕዞው ይቀጥላል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ እኮ የሚያስፈራ ተረት ነው፤ ከተረት ይህን ሁሉ መጠየቅ አይገባም» ይለኝ ይሆናል። ይህን መልስ አልንቀውም። ድካምን ለመርሳት የሚነበብ መጽሐፍ አስፈላጊ ነው፤ እኔም አንዳንድ ማታ ሌላ አልፈልግም። ይሁን እንጂ ደራሲዋ ራሳቸው የጠየቁን ከተረት የበለጠ ነው። የ1453 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያን ውድቀት፥ የመነኮሳትን ደብዳቤ፥ የኦቶማንን መዝገብ፥ የሃያኛውን መቶ ዓመት አምባ ገነኖች አምጥተው ከፊታችን ሲደረድሩ «ይህ ቁም ነገር ነው» ማለታቸው ነው። ቁም ነገር የተባለ እንደ ቁም ነገር ይመዘናል። ለማስፈራት ብቻ ብናየውም እንኳ፥ የስቶከር መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ዛሬም ያስፈራል፤ ይህ ግን ከመንገድ መሪ መጽሐፍ ያልራቀ ረጅም የጕዞ ማስታወሻ ሆኖ ብዙ ጊዜ ያስተኛል። ተስፋው የበዛ ነበር፤ ፍጻሜው ግን «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ሆነ።

ከዚህ መጽሐፍ የምንማረው ምንድን ነው? በተለይ ብዕር ለማንሣት ለሚያስቡ ተማሪዎች ሦስት ነገር ለማለት እደፍራለሁ። አንደኛ፥ ምርምር ድርሰት አይደለም። ደራሲዋ ዐሥር ዓመት ያነበቡት ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ጕዳቱም ይህ ነው። የተነበበው ሁሉ ሊጻፍ አይገባም፤ ቤት ሠሪ መሰላሉን ከግድግዳው ጋራ አይመርግም። ሁለተኛ፥ ምሥጢር ማለት የተደበቀ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን የመረጠው ዝምታ ነው። ያ ሰው ለምን እንደ መረጠው፥ ማንን እንደ ጎዳበት፥ ራሱስ ምን እንደ ከፈለበት ካልታየ፥ ምንም ያህል ቍልፍና ካርታ ብንደረድር አንባቢ የሚያገኘው ባዶ ሣጥን ነው። ሦስተኛ፥ ጥፋትን ሁሉ ለሰይጣን ሰጥቶ ሰውን ማንጻት ለድርሰት ቀላል መንገድ ነው፤ ለእውነት ግን ሩቅ መንገድ ነው።

«የታሪክ ተመራማሪው» መጥፎ መጽሐፍ አይደለም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ለወዳጄ መልሼለት ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ ነበር። ያሳዘነኝ በውስጡ ሌላ መጽሐፍ ተደብቆ ስላየሁ ነው፤ የከዳ አባት፥ የጠፋች እናትና መልስ የምትሻ ልጅ ያሉበት፥ ከሁለት መቶ ገጽ የማይበልጥ መጽሐፍ። ያን መጽሐፍ ዘንዶው ሸፍኖታል። ያላነበበው ሰው ቢያነበው አልከለክልም፤ ኢስታንቡልን ያያል፥ ከቱርጉት ቦራም ጋራ ይወዳጃል። ነገር ግን ወደ ፖስታ ካርዶቹ ሲደርስ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ ከዚያም መጽሐፉን ከድኖ፥ በገዛ ቤቱ ያለውን የተፋቀ መሥመር፥ የሚያስረዱት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ።